የአንጀትን ስፌት ያጠናው ሐኪም

በሰሜን አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ቁስቋም በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ድንገት ሆዱ ተነፍቶ ቢያስጨንቀው፥ ሰገራም አየርም አልወጣ ቢለው፥ ዘመዶቹ ደግፈው የሚያደርሱት በእንጦጦ መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፥ ወይም በዚያው በጉለሌ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹም መርምረው ከሚያገኟቸው ምክንያቶች አንዱ የትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠማዞ መዘጋት ነው። ይህ ሕመም በምዕራብ ኤውሮፓ እምብዛም ያልተለመደ ሲሆን፥ በኢትዮጵያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ግን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ምክንያቶች ከዋነኞቹ የሚቈጠር ነው። የተጠማዘዘው አንጀት ቶሎ ካልተፈታ ደም ይቋረጥበታል፤ ደም የተቋረጠበትም ሥጋ ይሞታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሞተውን ክፍል ቈርጦ ያወጣል፤ ሁኔታው ከፈቀደለትም የቀሩትን ሁለት ጫፎች ገጥሞ ይሰፋል።

ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ለሐኪሙ ግን የጭንቀቱ ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። የልብስ ስፌት ቢለቅ ልብሱ ተመልሶ ይሰፋል፤ የቤት ጣራ ቢያፈስ ዕቃ ይርሳል እንጂ ሰው አይሞትም። የአንጀት ስፌት ሲያፈስ ግን በአንጀት ውስጥ ተከቶ ይኖር የነበረው ጀርም የሞላበት እድፍ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል፤ ሆድ ይመግላል፤ መርዙም በደም ተሠራጭቶ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሰውን ሊገድል ይችላል። ይህም አደጋ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በሽተኛው ተሻለው ተብሎ ዘመድ በተደሰተበት፥ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው። በዓለም በታወቁት ሆስፒታሎች እንኳ አደጋው እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስፌቱ ወደ ፊንጢጣ በቀረበ መጠን ከ10 በሽተኞች 1 ያህሉን ሊያገኝ ይችላል።

ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው፥ የተሰፋ አንጀት ሳያፈስ እንዴት ሊይዝ እንደሚችል በሙከራ ካጠኑት ሰዎች መካከል ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ ነው። ታሪኩን የመረጥነው ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ ይጠቅማል ብለን አይደለም። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ኑሮውን ለሚጀምር ወጣት ሁሉ የሚሆን ቁም ነገር ስላገኘንበት ነው። የሃልስቴድን ታሪክ ስንተርክ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሃልስቴድ በመስከረም ወር 1852 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ነጋዴ ስለ ነበር በልጅነቱ የጐደለበት ነገር አልነበረም። ዬል በሚባለው የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በተማረበት ጊዜ ስሙ የሚጠራው በመጽሐፍ ሳይሆን በኳስ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው የኳስ ቡድን አለቃ እስከ መሆን ደርሶ ነበርና። ይሁን እንጂ በመጨረሻው የትምህርት ዓመት የሰውን አካል አሠራር የሚገልጽ መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ሲጀምር ልቡ ወደ ሕክምና አዘነበለ። በ1874 ከዬል ተመረቀ፤ በ1877ም በኒውዮርክ የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ኤውሮፓ ተሻግሮ በኦስትሪያና በጀርመን አገር ሁለት ዓመት ያህል ቈየ። በቪዬና ታላቁ የቀዶ ሕክምና መምህር ቴዎዶር ቢልሮት ሲሠራ ተመለከተ፤ የጀርመን ሐኪሞችም ደቀ መዛሙርታቸውን ለብዙ ዓመት ከሥራቸው አድርገው ደረጃ በደረጃ ሲያሳድጉ አየ። ይህን ማየቱ ወደ ፊት ለሠራው ሥራ መሠረት ሆነው።

በ1880 ወደ ኒውዮርክ በተመለሰ ጊዜ ሥራ የማይበቃው፥ እጁ ፈጣን፥ ልቡ ደፋር ሐኪም ሆነ። በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራ ነበር፤ ሌሊትም ወጣቶችን ያስተምር ነበር። በዚያን ዘመን ጀርምን በመድኃኒት አጥፍቶ ኦፕራሲዮን ማድረግ ያስፈልጋል የሚለውን የእንግሊዛዊውን የጆዜፍ ሊስተርን ትምህርት ያልተቀበሉ ሐኪሞች ገና ብዙ ነበሩ። ሃልስቴድ ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ክፍል መሥራቱን ስላልወደደ በሆስፒታሉ ግቢ ድንኳን አስተክሎ በንጽሕና የሚሠራበትን ቦታ ለብቻው አዘጋጀ። በ1881 እኅቱ ወልዳ ብዙ ደም ፈሷት ልትሞት በደረሰች ጊዜ፥ ከራሱ ክንድ ደም ቀድቶ ሰጣትና ወዲያው ኦፕራሲዮን አድርጎ አዳናት። ደም በዓይነት የሚለያይ መሆኑ የታወቀው ከ20 ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ድፍረቱ ምን ያህል እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1882 ደግሞ እናቱ የሐሞት ከረጢቷ መግሎ በጠና ታመመች። ሃልስቴድም ሌሊቱን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መግሉን አስወገደላት፤ ጠጠሮቹንም አወጣላት፤ እርስዋም ዳነች።

በዚህ ዓይነት ስሙ እየገነነ ሲሄድ የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ ነገር ደረሰበት። በ1884 ኮካይን የተባለው መድኃኒት ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ከቪዬና ወሬ ተሰማ። ሃልስቴድና ጓደኞቹ መድኃኒቱን በነርቭ አጠገብ በመርፌ በመስጠት የአካልን አንድ ክፍል ብቻ ለማደንዘዝ እንደሚቻል አረጋገጡ። ጥርስ ሲነቀል ወይም ክንድ ሲቀደድ በሽተኛው ሳይተኛ ሕመሙ እንዳይሰማው የሚደረግበት ዘዴ አንዱ መነሻ ይህ ሥራቸው ነው። ነገር ግን የሞከሩት በራሳቸው ሰውነት ላይ ነበር። የኮካይን ሱስ ምን እንደሚያደርግ ገና በቅጡ ባልታወቀበት በዚያ ጊዜ ሁሉም በሱሱ ተያዙ፤ አንዳንዶቹም ሳይላቀቁ ሞቱ። ሃልስቴድም ሥራው ተበላሸ፤ ትምህርቱን አቋረጠ፤ ጽሑፉም ትርጉም እስኪያጣ ድረስ አእምሮው ተናወጠ። በ1886 ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ገብቶ ብዙ ወራት ቈየ። በዚያም ጊዜ ከኮካይኑ ፋንታ ሞርፊን መውሰድ ጀመረ።

ሰው ሁሉ አለቀለት ባለው ሰዓት አንድ ወዳጅ አልተወውም። ይኸውም በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዶክቶር ዊልያም ዌልች ነበር። ዌልች በ1886 መጨረሻ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ በላቦራቶሪውም ውስጥ ጸጥ ያለ ሥራ ሰጠው። ያም ሥራ የአንጀት ስፌት ጥናት ነበር።

የጥናቱን ዋጋ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ይገባል። በ1826 ፈረንሳዊው ሐኪም አንትዋን ላምበር የተቈረጡት የአንጀት ጫፎች ሲገጠሙ የውጭው ገጽ ከውጭው ገጽ ጋር እንዲነካካ መደረግ እንዳለበት አስተምሮ ነበር። የውጭው ስስ ሽፋን እርስ በርሱ ቶሎ ይጣበቃልና ትምህርቱ ትክክል ነበር። ሆኖም መርፌው ምን ያህል ጠልቆ ይግባ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። በጣም ከጠለቀ አንጀቱን ዘልቆ እድፉ በክሩ ቀዳዳ ይወጣል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ በጣም ላይ ላዩን ከሆነም ክሩ ሥጋውን ቀድዶ ይወጣል።

ሃልስቴድ በውሾች አንጀት ላይ ደጋግሞ እየሰፋ፥ የሰፋውንም በማጉያ መነጽር እየመረመረ ነገሩን አጠና። የአንጀት ግድግዳ አንድ ወጥ አይደለም። ከውጭ ስስ ሽፋን አለው፤ ከዚያ ቀጥሎ የጡንቻ ሽፋን፤ ከጡንቻው ሥር ጠንካራ የድር ሽፋን፤ ከሁሉም ውስጥ ምግብ የሚነካው ለስላሳ ሽፋን ይገኛል። ሃልስቴድ ያረጋገጠው ክርን አጥብቆ የሚይዘው ውጭኛውም ጡንቻውም ሳይሆን ያ በመካከል ያለው የድር ሽፋን መሆኑን ነው። ለአገራችን ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ተልጦና ተፍቆ ለስላሳው ሁሉ ሲወገድ የሚቀረውና ሲከረር ሳይበጠስ የሚያስተጋባው አውታር ጥንካሬውን የሚያገኘው በተለይ ከዚሁ የድር ሽፋን ነው። እንግዲህ የሐኪሙ መርፌ ከዚህ ሽፋን ጥቂት ድር መያዝ አለበት፤ ሆኖም ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘልቆ መግባት የለበትም። ሐኪሙም መርፌው ከዚህ ድር ሲደርስ የሚሰማውን ጥቂት መጠንከር በጣቱ ሊለየው ይችላል። ሃልስቴድ ይህን ጥናቱን በ1887 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ስፌት የሚይዘው በድሩ ነው የሚለው ትምህርት እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ይሁን እንጂ ሰውየው ራሱ ገና አልዳነም ነበር። ጥናቱን ካቀረበ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ወደዚያው ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ወጥቶ በ1889 የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት ሥራ ያዘ፤ በ1890 የቀዶ ሕክምናው ክፍል አለቃ፥ በ1892ም ፕሮፌሶር ሆነ።

የኒውዮርኩን ሃልስቴድ የሚያውቁ ሰዎች በባልቲሞር ያገኙት ሌላ ሰው ነበር። ፈጣኑ እጅ ዝግተኛ ሆነ። ያን ጊዜ በፍጥነት የሚቈርጥ ሐኪም ይመሰገን ነበር፤ ማደንዘዣ ከመገኘቱ በፊት ፍጥነት የግድ ስለ ነበረ ልማዱ ቀርቶ ነበርና። ሃልስቴድ ግን ደም የሚያፈሰውን እያንዳንዱን ሥር እየያዘና እያሰረ፥ ሥጋውን ሳይቀጠቅጥ፥ ደም ወደ ቈስሉ እንዲደርስ እየተጠነቀቀ፥ ስፌቱ እንዳይወጠር እያላላ፥ ክሩን እያቀጠነ ለብዙ ሰዓት ይሠራ ነበር። ከአጥንቱ እስከ ቆዳው እያንዳንዱን ሽፋን ከመሰሉ ጋር ያገናኝ ነበር። አንጀት ለምን ያፈሳል ብለን ብንጠይቅ ዛሬ የምናገኘው መልስ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ደም ያልደረሰው፥ የተወጠረ፥ መግል የነካው ወይም የተቀጠቀጠ ስፌት ያፈሳል። በመርፌ ፋንታ አንጀትን በጥቃቅን የብረት ማያያዣዎች የሚገጥም መሣሪያ ከተገኘ ወዲህም ቢሆን እነዚህ ሕጎች አልተለወጡም።

የላስቲክ ጓንት በኦፕራሲዮን ክፍል የገባበትም ታሪክ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ነርሶች አለቃ የነበረችው ካሮላይን ሃምፕተን እጅ የሚታጠቡበት መድኃኒት ቆዳዋን ስላቈሰላት ሥራዋን ልትተው ደርሳ ነበር። ሃልስቴድ ጉድይር ለተባለው ኩባንያ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አሠራላት። በ1890 ሁለቱ ተጋቡ። መጀመሪያ የነርስን እጅ ለማዳን የተሠራው ጓንት በሽተኛውን ከጀርም እንደሚጠብቅ የተገለጸው ረዳቶቹ ሁልጊዜ ማጥለቅ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከእነርሱም አንዱ ጆዜፍ ብለድጉድ በ1899 የቈስል መመገል በጓንት ምክንያት እጅግ መቀነሱን በጽሑፍ አስታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ ዘላቂ ሆኖ የቈየው ግን የማስተማር ዘዴው ነው። አንድ ወጣት ሐኪም በሆስፒታሉ ውስጥ እየኖረ፥ ከታላላቆቹ ሥር ለብዙ ዓመት እየሠራ፥ ኀላፊነቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ብቻውን የሚታመን ባለሙያ የሚሆንበትን ሥርዐት አቋቋመ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው ሃርቪ ኩሺንግ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጣ። ዛሬ በአገራችን የስፔሻሊስትነት ትምህርት የሚከታተሉ ሐኪሞች ሬዚደንት የሚባሉት በዚሁ ሥርዐት መሠረት ነው። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የጉለሌው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ሆኖ ሚሌኒየም የሚለውን ስም ጨምሯል። በዚያ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲያድር፥ የከበደውን ጉዳይ ለታላቁ ሐኪም ሲያቀርብ፥ በሃልስቴድ በተተለመው መንገድ ላይ መሆኑን እናስተውላለን።

በሥራው ሁሉ አልተሳሳተም ማለት ግን አይደለም። ለጡት ነቀርሳ የፈለሰፈው ጡቱን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር አብሮ የሚያነሣ ኦፕራሲዮን ለብዙ ዘመን በዓለም ሁሉ ሲሠራበት ከቈየ በኋላ፥ ለአብዛኞቹ ሴቶች ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ መሆኑ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል።

አሁን ደግሞ ስፌቱ ካፈሰሰ በኋላ ምን ይደረጋል ወደሚለው እንመለስ። ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት አደጋውን ቶሎ ማወቅ ነው። የልብ ምት ያለ ምክንያት መፍጠን፥ ትኩሳት፥ የሆድ ሕመም መባስ፥ የሆድ መነፋት፥ የበሽተኛው መቅበዝበዝ ሁሉ ምልክቶች ናቸው፤ ከተቻለም በሲቲ ስካን ይመረመራል። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ መግሉ በአንድ ስፍራ ከተከማቸ፥ በሽተኛው ለጊዜው ምግብ በአፉ እንዳይወስድ ይደረጋል፤ ፈሳሽና ጀርም የሚያጠፋ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ መግሉም በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን ቱቦ ይቀዳል። እድፉ በሆድ ዕቃ ሁሉ ከተሠራጨ ግን ሳይዘገዩ ሆዱን ዳግመኛ ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በመግል የራሰውን አንጀት መልሶ መስፋት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ክሩ ቢያዝም ሥጋው አይዝም። ስለዚህ ሐኪሙ ስፌቱን ፈትቶ የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሰገራውም በከረጢት ይቀበላል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንሪ ሃርትማን በ1921 የገለጸው፥ የታመመውን የአንጀት ክፍል አውጥቶ ጫፎቹን ሳይገጥሙ የማቈየት ኦፕራሲዮን እስከ ዛሬ ለእንደዚህ ያለው ቀን ያገለግላል። በሽተኛው ከወራት በኋላ ሲበረታ አንጀቱ እንደገና ሊገጠምለት ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እድፉ ራሱ በቆዳ በኩል መውጫ ያበጃል። በዚህ ጊዜ የሐኪሙ ታላቅ መድኃኒት ትዕግሥት ነው። የጠፋው ፈሳሽና ጨው ይተካል፤ በሽተኛው በደም ሥር ወይም በቱቦ ይመገባል፤ ቆዳው እንዳይላጥ ይጠበቃል። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ያልተዘጉትም ከወራት በኋላ ሰውነቱ ሲጠነክር በኦፕራሲዮን ይዘጋሉ። ቸኩሎ የገባ ሐኪም አንዱን ቀዳዳ ሁለት አድርጎ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ከሚያፈሰው ስፌት ይልቅ የሚገድለው ማፍሰሱ ሳይታወቅ የቈየው ነው። ጐበዙም ሐኪም የሰፋው ያፈስበታል፤ ልዩነቱ ምልክቱን አይቶ ሥራዬ ተበላሽቷል ለማለት የሚዘገይና የማይዘገይ መሆኑ ላይ ነው። በራሱ ሙያ ኮርቶ ትኩሳቱን በሌላ ምክንያት እያሳበበ ሁለት ቀን ያሳለፈ ሐኪም በሽተኛውን ያጣል።

በዚህ ረገድ የሃልስቴድ ኑሮ ራሱ የሚያሳዝን ምሳሌ ነው። በሥራው እያንዳንዱን የደም ሥር ሳያስር የማያልፈው ይህ ሰው በራሱ ሕይወት ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ሸፍኖ ኖረ። ጓደኞቹ ከሱሱ ፈጽሞ የዳነ መስሏቸው ነበር። የሥራ ባልደረባው ዶክቶር ዊልያም ኦስለር ግን ሃልስቴድ ፕሮፌሶር ከሆነም በኋላ ሞርፊን መውሰዱን እንዳልተወ ያውቅ ስለ ነበር ነገሩን በምስጢር ማስታወሻ ጽፎ አኖረ፤ ማስታወሻውም ለሕዝብ የተገለጸው በ1969 ነው። ሃልስቴድ ከሰው የሚሸሽ፥ ክፍሉን በድንገት ለረዳቶቹ ትቶ የሚሄድ፥ ክረምቱን በሩቅ አገር ርስቱ አበባ እየተከለ የሚያሳልፍ ሰው ሆኖ ኖረ። እንዲህም ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ በማዕርጉ መሥራቱና ይህን ያህል ደቀ መዛሙርት ማፍራቱ የዌልችን ወዳጅነት ዋጋ ያሳያል። የወደቀን ሰው ሳያባርሩ ሥራ የሚሰጡ አለቆች ምን ሊያተርፉ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በ1882 እናቱን ያዳነባት የሐሞት ጠጠር በመጨረሻ ራሱን ያዘው። በ1919 ኦፕራሲዮን ተደረገለት፤ በ1922 ሕመሙ ሲመለስበት በእጁ ያሳደጋቸው ሁለት ደቀ መዛሙርቱ ሆዱን ዳግመኛ ከፈቱለት። ይሁን እንጂ ሳምባው ተይዞ በመስከረም 7 ቀን 1922 ሞተ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበር። ባለቤቱም በዚያው ዓመት ተከተለችው።

አንባቢዎቻችን አብዛኛዎቹ መርፌና ክር የሚይዙ ሐኪሞች እንዳልሆኑ እናውቃለን። ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ፥ ገንዘብ የሚቈጥር ሒሳብ ሹም፥ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ ሁሉ የየራሱን ስፌት ይሰፋል። ላይ ላዩን የያዘ ሥራ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ቀድዶ ይወጣል። ድሩን የያዘ ሥራ ጊዜ ይጠይቃል፤ ኖሮም ያኖራል። ያፈሰሰ እንደ ሆነም የሰፋው ሰው ራሱ ቀድሞ ይናገር፤ ያን ጊዜ ገና ማዳን ይቻላልና።